«ፍሬን በጠሰ» ሲባል፦ የአባይ በረሃ ቁልቁለት በፊዚክስ ዓይን

በአባይ በረሃ የጭነት መኪና ተገለበጠ በተባለ ቁጥር ከወሬው ጋር አብራ የምትመጣ አንዲት አጭር ሐረግ አለች፤ «ፍሬን በጥሶ» የምትለዋ። በደጀንም ሆነ በደብረ ማርቆስ ወሬው በዚችው ሐረግ ይጀመርና ወዲያው ክርክር ይነሣበታል። አንዱ ሾፌሩ ቸኩሎ ነው ይላል። ሌላው መኪናው አርጅቶ ነው፣ መንገዱም ፋታ አይሰጥም ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ደግሞ መኪናው ቦሎ እንደነበረው፣ ጠዋት ሲነሣም ፍሬኑ ደኅና አድርጎ ይይዝ እንደነበር ያስረዳል። በመጨረሻ «ቀን ጥሎት ነው» ይባልና ነገሩ ይዘጋል።

የሦስቱም አስተያየት መነሻ አለው። ችግሩ ሐረጉ የመጨረሻዋን ደቂቃ እንደ መነሻ አድርጎ ማቅረቡ ነው። በረጅም ቁልቁለት ላይ አንድም ነገር ሳይበጠስ ፍሬን ከነጭራሹ ሥራውን ሊያቆም ይችላል፤ ይህ የሚሆንበት መንገድ ደግሞ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ስለ ጉልበትና ስለ እንቅስቃሴ ከሚሰጠው ትምህርት ብዙ የማይርቅ ነው። ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከቁልቁለቱ ልክ መጀመር ይሻላል።

የቁልቁለቱ ልክ

ምሥራቅ ጎጃምን ከሰሜን ሸዋ የሚለየው ሸለቆ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል 40 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ጠመዝማዛ መንገድ ይታለፋል። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጡ ሲሆን፣ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ ግን ከ1000 ሜትር ብዙም በማይርቅ ከፍታ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ጤፍ ወይም በቆሎ ጭኖ ከደጀን ተነሥቶ በመንገዱ ላይ ባለችው በኩራር በኩል ወደ ወንዙ የሚወርድ መኪና 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ወደ 1400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ይህም በአማካይ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ማለት ነው።

ሰባት በመቶ ብዙ አይደለም። ማንኛውም የጎጃም ገበሬ በቅሎውን እየነዳ ከዚህ እጅግ የሚብስ ቁልቁለት ይወርዳል። የአባይ በረሃ መንገድ ሸክም ያለው በርዝመቱ ነው፤ መኪናው 20 ኪሎ ሜትር ሙሉ ያለ ዕረፍት መያዝ አለበት።

ጉልበትና ኃይል

በዕለት ንግግር ጉልበት፣ ኃይል፣ አቅምና ፍጥነት እየተቀያየሩ ይነገራሉ። ከፍ ባሉት ክፍሎች ፊዚክስ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ልጁ ፈተና ላይ የሚጽፈው ቃልና አባቱ ስለ መኪና ሲጨዋወት የሚናገረው ቃል ሳይገናኙ ይቀራሉ፤ ይህ ብዙ ያሳጣን ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ ጉልበት ማለት አንዱ ነገር በሌላው ላይ የሚያሳድረው ግፊት ወይም ስበት ነው፤ የሚለካውም በኒውተን ነው። አንድ ኪሎ ስኳር በእጅ ሲያዝ ወደ 10 ኒውተን በሚጠጋ ጉልበት ወደ ታች ይጫናል። ኃይል ስንል ደግሞ ሥራ የመሥራት ወይም ሙቀት የመስጠት ክምችት ነው፤ መለኪያው ጁል ይባላል። ጉልበት ተጠራቅሞ አይቀመጥም። ኃይል ግን በነዳጅ ውስጥ፣ በፍጥነት ውስጥ፣ ወይም በከፍታ ውስጥ ተጠራቅሞ ይቆያል፤ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም።

ሌላው መጥራት ያለበት ሐሳብ ኢነርሺያ ነው። ኢነርሺያ አንድ አካል ያለበትን ሁኔታ ላለመለወጥ ያለው ጸባይ ነው፤ የቆመ እንደቆመ፣ የሚሄድም በዚያው ፍጥነትና አቅጣጫ መሄዱን ይቀጥላል፤ ሌላ ጉልበት ካልመጣበት በቀር። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው ሥራ ውስጥ የመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ሕግ ይኸው ነው። ሕጉ ከልማዳዊ ግምት ጋር ይጋጫል፤ ምክንያቱም ደልዳላ መንገድ ላይ ፈረሱ መጎተቱን ሲያቆም ጋሪው ይቆማል፤ ከዚህም በመነሣት «ነገር የሚሄደው የሚገፋው ሲኖር ነው» ይባላል። ጋሪውን ያቆመው ግን የመንኮራኩሩና የመሬቱ ሰበቃ ነው። ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጋሪ ቁልቁለት ሲወርድ ያየ ሰው የሕጉን ሌላ ፊት አይቷል፤ ፈረሱ የኋላ እግሮቹን አስቀድሞ፣ ወገቡን ሰብሮ፣ ጋሪውን በጀርባው ይገታል። እዚያ ላይ ጉልበት የሚያስፈልገው ለመሄድ ሳይሆን ላለመፍጠን ነው።

አሁን ወደ መኪናው እንመለስ። ከነተሳቢውና ከ250 ኩንታል ጭነቱ ጋር 40 ቶን የሚመዝን መኪና እናስብ። 7 በመቶ ቁልቁለት ላይ የመሬት ስበት በመንገዱ አቅጣጫ የሚጎትተው ወደ 27 ሺህ ኒውተን በሚሆን ጉልበት ነው። የጎማው መንከባለል ጥቂቱን ይቀንስለታል፤ 25 ሺህ ያህሉ ግን ይቀራል። ምንም የሚይዘው ካላገኘ መኪናው በየሰከንዱ ፍጥነቱን በሴኮንድ 0.6 ሜትር ይጨምራል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይወርድ የነበረ መኪና በ20 ሰከንድ ውስጥ 70 ያልፋል፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ140 በላይ ይደርስ ነበር። ለዚህ ነው ከአደጋ የተረፉ ሰዎች «ዓይናችን እያየ ድንገት ከነፈ» ቢሉ ያጋነኑ የማይመስለው።

ከባድ መኪና ይበልጥ ይፈጥናል?

«ጭነቱ ነው የገፋው» የሚለው አነጋገር የተለመደ ነው። ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ስሕተት ነው።

ስሕተቱ ይህ ነው፤ ሙሉ የጫነ መኪናና ባዶ መኪና በአንድ ቁልቁለት ላይ ቢለቀቁ የፍጥነታቸው አጨማመር ተቀራራቢ ነው። የክብደቱ እጥፍ መሆን የሚስበውን ጉልበት እጥፍ ያደርገዋል፤ ይሁን እንጂ ኢነርሺያውም እጥፍ ስለሚሆን ሁለቱ ይጣፋሉ። ከባድ ነገር ቶሎ ይወርዳል የሚለው እምነት ከአውድማ ላይ የተወሰደ ሊሆን ይችላል። ጤፍ በላይዳ ወደ ላይ ሲበተን ፍሬው ከሥር ይወርዳል፣ ገለባው ነፋስ ይዞት ይሄዳል። እዚያ የለያቸው ግን አየሩ ነው፤ ገለባው ከክብደቱ አንጻር ሰፊ በመሆኑ አየር በቀላሉ ይገታዋል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ውስጥ ያስተማረው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ክብደታቸው እጅግ የሚለያይ ሁለት ነገሮች ከአንድ ከፍታ ሲለቀቁ መሬት የሚደርሱበት ጊዜ ልዩነት በጣም ጥቂት መሆኑን ጽፎ ነበር፤ ከጋሊሊዮ አንድ ሺህ ዓመት ቀድሞ ማለት ነው።

ትክክሉ ደግሞ የጫነውን መኪና መያዝ በእርግጥ የሚከብድ መሆኑ ነው። ጭነቱ ቢያንስም ቢበዛም መኪናው የሚያዘው በዚያው በነበረው ፍሬን ነው። 40 ቶኑ 50 ቶን ሲሆን የፍሬኑ ስፋት አይጨምርም፤ መዋጥ ያለበት ኃይል ግን በአንድ አራተኛ ይጨምራል። ትርፍ ጭነት አደጋ የሚያመጣው በዚህ በኩል ነው።

ሙቀቱ የት ይሄዳል?

የነገሩ ሁሉ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ደጀን ላይ የቆመው ባለ 40 ቶን መኪና በከፍታው ብቻ 550 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል አከማችቷል። ድልድዩ ላይ ደርሶ ሲቆም ያ ኃይል ሁሉ አንድ ቦታ መሄድ አለበት። ከጎማና ከአየር ጋር በሚደረገው ሰበቃ የሚወጣው ጥቂቱ ነው። የቀረው ወይ በፍሬኑ ወይ በሞተሩ በኩል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሌላ መውጫ የለውም።

ይህ ምን ያህል ሙቀት ነው? 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ዘጠኙን ሞልቶ ውሃውን ከ20 ዲግሪ ወደ 90 ዲግሪ ለማድረስ የሚበቃ ነው፤ ደጋ ላይ ይህ ለመፍላት ጥቂት የቀረው ውሃ ነው። በሌላ መልክ ሲታይ፣ መኪናው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየወረደ የሚያመነጨው ሙቀት ከሃምሳ በላይ የኤሌክትሪክ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ተሰክተው ከሚሰጡት ጋር ይተካከላል፤ ያውም ለ40 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጥ። ፍጥነቱ 60 ሲሆን የምጣዶቹ ቁጥር ከመቶ ያልፋል።

አንድ ሌላ ንጽጽር ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳ ይመስለኛል። ያው መኪና ደልዳላ መንገድ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በእንቅስቃሴው ውስጥ ያለው ኃይል 1.4 ሚሊዮን ጁል ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ከደጀን እስከ ድልድዩ በፍሬን ብቻ መውረድ ማለት ሜዳ ላይ እየተነሡ 400 ጊዜ ያህል ከመቆም ጋር እኩል ነው፤ በመካከሉ ፍሬኑ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ሳይሰጠው። «ጠዋት ፍሬኑ ይይዝ ነበር» የሚለው ምስክርነት እውነት ሆኖ ሳለ ምንም የማያረጋግጠው ለዚህ ነው። ቀዝቃዛ ፍሬን በደልዳላ ቦታ አንድ ጊዜ መያዙ የጋለ ፍሬን በ15ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስለሚያደርገው ነገር አይናገርም። ቦሎም ቢሆን ፍሬኑ ጤነኛ መሆኑን እንጂ ሙቀቱን ምን ያህል መሸከም እንደሚችል አይመሰክርም።

በጎማው ውስጥ የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ ከባድ መኪኖች ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር የብረት ከበሮ አለ፤ ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬን ሸራ የተለበጠባቸው ሁለት ቅስት ብረቶች ከውስጥ ወደ ውጭ ተከፍተው የከበሮውን ግድግዳ ይጫኑታል። ሰበቃው መኪናውን ይይዛል፣ ብረቱም ይግላል። ሙቀቱ ወደ አየር የሚወጣው በከበሮው የውጭ ገጽ በኩል በዝግታ ነው፤ ከሚወጣው የሚገባው ከበለጠ ግለቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ወደ 300 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲደርስ ሸራው የመያዝ ብቃቱን እያጣ፣ ገጹ እየተቃጠለ፣ የሚያንሸራትት ዓይነት ይሆናል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ከበሮው ራሱም በሙቀት ይሰፋል፤ ግድግዳው ከሸራው ስለሚሸሽ ፔዳሉ ወይም የአየር ፍሬኑ ገፊ ዘንግ ከወትሮው ይበልጥ መጓዝ አለበት፤ የጉዞው ወሰን ሲያልቅ ሾፌሩ ቢረግጥም የሚደርስ ጉልበት የለም። በዘይት በሚሠሩ ፍሬኖች ላይ ደግሞ ዘይቱ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት ውስጥ የተፈጠረ እንፋሎት እንደ ፈሳሹ ሳይሆን ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ባዶ እንደሆነ ያህል ወለል ይነካል።

ልብ ማለት የሚገባው፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ የተበጠሰ ነገር አለመኖሩን ነው። መኪናው ቆሞ ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ መልሶ ሊይዝ ይችላል፤ ይህም የአደጋ ምርመራውን ያወሳስበዋል። በእጅ ፍሬን መሞከርም ብዙ አያድንም፤ በብዙ ከባድ መኪኖች እጅ ፍሬኑ የሚጫነው ያንኑ የጋለ ሸራ ነው። በጋለ ከበሮ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ደግሞ ብረቱን ሊሰነጥቀው ስለሚችል መፍትሔ አይሆንም።

ሞተሩ ሲይዝ

ከባድ መኪና ሁለተኛ መያዣ አለው፤ እሱም ሞተሩ ነው። መኪናው በማርሽ ሆኖ ሲወርድ ጎማዎቹ ሞተሩን ያዞሩታል፤ ሞተሩም አየር እየሳበ፣ እየጨመቀና በውስጣዊ ሰበቃው እየታገለ ይገታቸዋል። ማርሹ ባነሰ መጠን ለአንድ ዙር ጎማ ሞተሩ ብዙ ጊዜ ይዞራል፣ አያያዙም ይጠነክራል። የጭስ መውጫውን የሚዘጋ የሞተር ፍሬን የተገጠመለት መኪና ከዚህም የበለጠ ይይዛል። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ሙቀቱ በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው በኩል መውጣቱ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ሙቀትን ያለማቋረጥ ለማስወጣት የተሠሩ ናቸው። ዳገት በወጡበት ማርሽ ወይም ከዚያ ባነሰ መውረድ እንደሚገባ ነባር ሾፌሮች ለረዳቶቻቸው የሚያስተምሩት ይህን ነው።

ይህ ምርጫ ግን የሚደረገው አናት ላይ ነው። ፍጥነቱ ከጨመረ በኋላ ማርሽ ልቀንስ ቢሉ በማርሽ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ጥርሶች የፍጥነት ልዩነት ስለሚበዛ ማርሹ አልገባ ይላል፤ የነበረውንም ካወጡት መኪናው ያለ አንዳች የሞተር መያዣ በፍሪ ይቀራል። ብዙ ጊዜ «ፍሬንም ማርሽም እምቢ አሉት» የሚባለው ይህን ይመስላል፤ ሁለት የተለያዩ እክሎች የተገናኙ ይምሰሉ እንጂ የአንድ ሰንሰለት ሁለት ቀለበቶች ናቸው።

ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ በፍሪ መውረድም አለ። ሂሳቡ አያስኬድም። መኪናው በማርሽ ሲወርድ ሞተሩን የሚያዞረው ቁልቁለቱ ስለሆነ፣ ሾፌሩ ነዳጅ እስካልሰጠ ድረስ ፓምፑ የሚልከውን ነዳጅ ይቀንሳል ወይም ጭራሹን ያቆማል። በፍሪ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ የራሱን ነዳጅ ማቃጠል አለበት።

ኩርባው ላይ

መንገዱ ቀጥ ያለ ስላልሆነ የመጨረሻው ፈተና ኩርባ ነው። አውቶቡስ ሲታጠፍ ተሳፋሪው ወደ ውጭ የተገፋ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሚገፋው የለም። ሰውነቱ በኢነርሺያ ቀጥ ብሎ ሊሄድ ሲል አውቶቡሱ ከሥሩ ታጠፈ። መኪና እንዲታጠፍ ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ባለው ሰበቃ ወደ ኩርባው ውስጥ የሚስበው ጉልበት ማግኘት አለበት፤ የሚያስፈልገውም ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚፈለገው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል።

የኩርባው ራዲየስ 30 ሜትር ቢሆን፣ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚያስፈልገው ጉልበት የመኪናውን ክብደት ሩብ አይሞላም። በ40 ኪሎ ሜትር አራት አሥረኛውን ያልፋል፤ እዚህ ላይ ከፍ አድርጎ የጫነ መኪና መገልበጥ ሊጀምር ይችላል፤ ምክንያቱም የሚስበው ጉልበት መሬት ላይ ሲሆን የጭነቱ ክብደት ማዕከል ግን ከላይ ነው። በ60 ኪሎ ሜትር የክብደቱን ያህል ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል፤ ደረቅ አስፋልትም ቢሆን ያን ያህል አይሰጥም። ኩርባው መኪናውን የጣለው በ60 ይሁን እንጂ፣ 60 ያደረሰው ሙቀት መጠራቀም የጀመረው ብዙ ኪሎ ሜትሮች ቀደም ብሎ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

ሾፌሩን የሚወቅሰው ወገን ዋነኛ መከራከሪያ ማርሽና ፍጥነት በሾፌሩ እጅ መሆናቸው ነው፤ ፊዚክሱም ይደግፈዋል። ግን ሾፌሩ የጭነቱን ልክ ሁልጊዜ አይወስንም፤ ኩንታል የሚያስጨምረው ባለንብረቱ ወይም ነጋዴው ሊሆን ይችላል፤ የሚጨምረው እያንዳንዱ ኩንታል ደግሞ እስከ ድልድዩ ድረስ 1.4 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይዞ ይወርዳል። መኪናውን የሚወቅሰው ወገንም እውነት አለው፤ ሸራው የሳሳ ወይም የአንዱ ጎማ ፍሬን ያልተስተካከለ ከሆነ የእሱን ድርሻ ሌሎቹ ስለሚሸከሙ ቀድመው ይግላሉ። መንገዱን የሚወቅሰው ክርክር ከሌሎቹ የሚደክም ይመስለኛል፤ 1400 ሜትሩን የትኛውም መሐንዲስ አያጠፋውም። መንገዱን ማርዘም ይቻላል፤ ያ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሚደርሰውን ሙቀት ይቀንሳል እንጂ ጠቅላላ ድምሩን ብዙም አይለውጠውም።

መሐንዲስ ማድረግ የሚችለው ግን አለ። በሌሎች አገሮች ረጅም ቁልቁለቶች ላይ ፍሬን ያቃተው መኪና የሚገባበት፣ ልቅ ጠጠር የተሞላ ሽቅብ መንገድ ከዋናው መንገድ ጎን ይሠራል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ መኪና ሽቅብ ቢለቀቅ ያለ ሌላ መያዣ 39 ሜትር ያህል ከፍታ ወጥቶ ይቆማል፤ ጠጠሩ ጎማውን እየዋጠ ይህን በብዙ ያሳጥረዋል። በዚህ ስሌት ውስጥ ክብደት ስለማይገባ 10 ቶኑንም 50 ቶኑንም በተመሳሳይ ከፍታ ያቆማቸዋል። ከቁልቁለቱ አናት ላይ አስገዳጅ ማቆሚያና ሚዛን ማድረግም ርካሽ ነው፤ ሾፌሩ ፍሬኑን የሚፈትሽበትና ማርሹን ገና ሳይፈጥን የሚመርጥበት ቦታ ይሆናል።

የአደጋ ዘገባውም «ፍሬን በጥሶ» ከማለት አልፎ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። መኪናው ስንት ኩንታል ጭኖ ነበር? የማርሽ ዘንጉ የተገኘው የት ላይ ነው፣ በስንተኛው ማርሽ ወይስ በፍሪ? ከበሮዎቹ ሲፈቱ ገጻቸው ምን ይመስላል? ከልክ በላይ የጋለ ብረት ከቀዘቀዘ በኋላም ሰማያዊ ቀለም ይዞ ይቀራል፤ የተቃጠለ ሸራም እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ከተመዘገቡ መኪናው ከኩራር በላይ ሳለ ምን ሲሆን እንደነበር ከሞላ ጎደል ማወቅ ይቻላል።